አንዲ ዋርሆል፦ «ማሽን መሆን እፈልጋለሁ» ያለው ሰው በእጁ የሠራውና ለወንፊት የተወው

ሸራና_ቀለም · ማክሰኞ፣ ማታ 1:40

ሰላም ለመድረኩ። ስለ አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል በአማርኛ የሚገኘው ጽሑፍ አብዛኛው ከሦስት ነገር አያልፍም፦ የሾርባ ቆርቆሮ፣ ማሪሊን ሞንሮ፣ ነጭ ዊግ። ሥራው እንዴት እንደተሠራ የሚያስረዳ ማግኘት ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ላንሣ።

አንደኛ፣ ከሥራዎቹ የትኛው በእጅ የተሣለ፣ የትኛው የታተመ ነው? ሁለተኛ፣ እነዚያ ደማቅ የፊት ምስሎች ሲሠሩ የሚቀድመው ቀለሙ ነው ወይስ ጥቁሩ? ሦስተኛ፣ በዚያው መንገድ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ሸራ ላይ አንድ ፊት ለመሥራት ምን ያስፈልጋል፣ የቱ ጋስ ነው የሚበላሸው? ስክሪን ቤቶች (በወንፊት የሚያትሙት) ሲጠየቁ «ፎቶውን በአራት ቀለም እንለያየው» ነው የሚሉት። የዋርሆል መንገድ ግን ይህ አይመስለኝም።

ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ብትጽፉ አንደናገርም።

ጋሽ_ሸራ · ማታ 2:25

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሣ፤ ስህተቱ የሚጀምረው እዚያ ነውና።

ዋርሆል በኦገስት 6 ቀን 1928 ፒትስበርግ ተወለደ። ወላጆቹ ዛሬ ስሎቫኪያ ውስጥ ካለችው ሚኮቫ ከምትባል መንደር የሄዱ፣ ሩሲን ከሚባለው የስላቭ ሕዝብ የሆኑ ናቸው። የቤተሰቡ ስም ዋርሆላ ነው፤ የመጨረሻዋ አናባቢ የወደቀችው ኒው ዮርክ ከገባ በኋላ ነው። አባቱ በ1942 ሞተ። በ1949 ከካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመረቀና በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ገባ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል እንጀራው የማስታወቂያ ሥዕል ነበር። በተለይ ለአይ ሚለር ጫማ የሣላቸው ማስታወቂያዎች ስሙን በሙያው ውስጥ አስጠሩት።

እዚህ ዘመን ላይ ነው ቁልፉ ያለው። ስክሪን ከመንካቱ በፊት «የተመጠጠ መስመር» የሚባል ዘዴ ነበረው። ቀለም የማይመጥ ለስላሳ ወረቀት ላይ ሥዕሉን በእርሳስ ትሠራለህ። ከጎኑ ቀለም የሚመጥ ወፈር ያለ ወረቀት ታስቀምጥና ሁለቱን በፕላስተር እንደ መጽሐፍ ታያይዛለህ። በቀለም የተነከረ ብዕር ይዘህ የእርሳሱን መስመር ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ብቻ ትከተላለህ፤ ሳይደርቅ ወረቀቱን አጥፈህ በጣት ትጫናለህ፤ ትከፍታለህ፤ ቀጣዩን ቁራጭ ትቀጥላለህ። ረጅም መስመር በአንድ ጊዜ ከሞከርህ መጀመሪያው ይደርቅና አይተላለፍም። ቀለም ካበዛህ ደግሞ ይፈስና እንደ ጉንዳን መንገድ የሚቆራረጠው መስመር ይጠፋል። በመጨረሻ በውሃ ቀለም ይሞላል።

ጥቅሙ ሁለት ነው። ማስታወቂያው እንደ ሕትመት ይመስላል። ከአንዱ የእርሳስ ንድፍም በርካታ ቅጂ ስለሚወጣ ደንበኛው ቀለም እየለዋወጠ ይመርጣል። ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው፦ አንድ ምንጭ፣ ብዙ ቅጂ፣ በቅጂው መካከል የሚቀር ልዩነት።

ነጠብጣብ · ማታ 2:41

ጋሽ ሸራ፣ እናመሰግናለን። ታዲያ 32ቱ የካምቤል ሾርባዎች ስክሪን ናቸው አይደል? ሁሉም የሚለው እንደዚያ ነው።

ጋሽ_ሸራ · ማታ 2:58

አይደሉም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1962 የተሠሩት 32 ሸራዎች፣ እያንዳንዳቸው 50.8 በ40.6 ሴንቲ ሜትር፣ በእጅ የተቀቡ ናቸው። የቆርቆሮው ንድፍ በፕሮጀክተር ወደ ሸራው ይጣላል፣ በእርሳስ ይነቀሳል፣ ከዚያ በብሩሽ ይሞላል። ከታች ዙሪያውን ያሉት ትንንሽ አበባ መሳይ ምልክቶች ብቻ በማኅተም የተመቱ ናቸው። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ምልክቶቹ በየሸራው እኩል አልተቀመጡም፤ የፊደሎቹም ጠርዝ የብሩሽ ነው።

ቁጥሩ 32 የሆነው በዚያን ጊዜ ኩባንያው የሚሸጠው የሾርባ ዓይነት 32 ስለነበር ነው። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ፌረስ ጋለሪ በጁላይ 1962 ሲቀርቡ እንደ ሱቅ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ነበር የተሰለፉት። የአንዱ ዋጋ 100 ዶላር ነበር። ጥቂቱ ከተሸጠ በኋላ ባለ ጋለሪው ኧርቪንግ ብሉም «መነጣጠል የለባቸውም» ብሎ የተሸጡትን መለሰና ሁሉንም ለራሱ በ1,000 ዶላር ገዛ፤ በወር መቶ መቶ ዶላር እየከፈለ። በ1996 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ወሰዳቸው።

በስክሪን የታተመው የ1968ቱ የወረቀት ሕትመት ነው፤ አሥር ሥዕል ያለው ጥራዝ። ሁለቱን የሚያምታታ ጽሑፍ ካያችሁ ሌላውንም መረጃውን ተጠራጠሩ።

ወንፊት_ቤት · ማታ 3:30

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ቀለሙ ይቀድማል፣ ጥቁሩ ይከተላል። ሁልጊዜ አይደለም፤ በኋላ ዘመን እየገለበጠውም ሠርቷል። ግን በ1962 እና በ1964ቱ ማሪሊኖች ሕጉ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናስተካክል። ስክሪን ማለት በፍሬም ላይ የተወጠረ ጥሩ ወንፊት ነው። የማይፈለገው ቀዳዳ በኢመልሽን፣ ማለትም ብርሃን ሲመታው በሚጠነክር ቅብ፣ ይደፈናል፤ ክፍት በቀረው በኩል ቀለሙ በስኩዊጂ፣ ማለትም በጎማ መጎተቻው፣ እየተገፋ ያልፋል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ዋርሆል መጀመሪያ የዶላር ኖቶችን ያተመው ከተሣለ ንድፍ በተሠራ ስክሪን ነበር። በ1962 ክረምት፣ ኦገስት ላይ፣ ፎቶን በቀጥታ ወደ ስክሪን ወደሚያስተላልፈው ዘዴ ገባ። ማሪሊን ሞንሮ የሞተችው በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ ነው፤ የተጠቀመበት ፎቶ ለ1953ቱ «ናያጋራ» ፊልም ማስታወቂያ የተነሣው ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ፎቶውን መርጦ ይቆርጠዋል፤ የማሪሊንን ከትከሻ በታች ጥሎ ፊቷን ብቻ አስቀረ። የተቆረጠውን ከመጠኑ ጋር ለስክሪን ሠሪ ይልካል። ስክሪን ሠሪው ፎቶውን በሸራው ልክ አሳድጎ በግልጽ ፕላስቲክ ላይ ያወጣና ያሳየዋል፤ ከተስማማ ስክሪኑ ይሠራል። ዋርሆል ያንኑ ፕላስቲክ ሸራው ላይ አስቀምጦ የፀጉሩን፣ የከንፈሩን፣ የዓይን ቆቡን፣ የአንገትጌውን ዳር በካርቦን ይነቅሳል። በእጁ ጠፍጣፋ ቀለም ይሞላል፦ ቢጫ ፀጉር፣ ሮዝ ፊት፣ ሰማያዊ ዓይን ቆብ፣ ቀይ ከንፈር። ይህ ሲያልቅ የሚታየው ዓይን የሌለው ጭምብል ነው። ሲደርቅ ስክሪኑ ይቀመጥና ጥቁሩ በአንድ ጉተታ ይወርዳል። ፊቱ «ሰው» የሚሆነው በዚያች ቅጽበት ነው።

ስለዚህ አራት ቀለም ለያይተው የሚያትሙልህ የፎቶ ኮፒ ነው የሚሰጡህ። አንተ የምትፈልገው አንድ ስክሪን፣ አንድ ጥቁር፣ የቀረው በብሩሽ ነው።

ድርሳን · ማታ 3:52

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርእሱ አልወጣም። ዋርሆል ያደገው በምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊክ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ልጅ ሆኖ የሚሄድባት የፒትስበርጓ ቤተ ክርስቲያን በዮሐንስ አፈወርቅ ስም የተሰየመች ናት፤ ፊት ለፊቷ ከዳር እስከ ዳር በቅዱሳን ሥዕል የተሞላ ግድግዳ አላት። ወርቃማ መደብ፣ ቀጥ ብሎ የሚያይ ፊት፣ በረድፍ የተደረደረ። ከዚያ የ1962ቱን «ወርቃማ ማሪሊን» አስቡት፦ ሰፊ የወርቅ ቀለም ሜዳ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ ፊት።

ጠፍጣፋ ቀለም ሞልቶ በመጨረሻ በጥቁር መስመር ማውጣት ለእኛም አዲስ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን የኖሩበት መንገድ ነው። ከእኛ ወሰደ ማለቴ አይደለም፤ ምንም ግንኙነት የለውም። ግን አማርኛ አንባቢ የዋርሆልን ሥራ «የውጭ ጉድ» አድርጎ ከሚያየው ከዚህ በኩል ቢገባ ይቀለዋል።

ነጠብጣብ · ማታ 4:03

እህቴ ድርሳን፣ ይሄ ጥሩ ነው። አንዱን ሞዴል ደጋግሞ መቅዳት እንደ ስርቆት የማይታይበት ዓለም ውስጥ ማደጉ ብዙ ያስረዳል።

ኢመልሽን_77 · ረቡዕ፣ ጠዋት 3:10

ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልያዘው። ለ50 በ50 ሸራ።

ፎቶ፦ ቀጥታ ፊት ለፊት በሚመታ ብርቱ ብርሃን የተነሣ ይሁን። ለስላሳ የመስኮት ብርሃን ለዚህ አይሆንም፤ ጉንጩ ላይ ግራጫ ይበዛና ቀለሙን ያቆሽሸዋል። ጥቁርና ነጭ አድርገህ ንፅፅሩን ጨምር፤ ግንባርና ጉንጭ ሙሉ በሙሉ ነጭ እስኪሆኑ። የሚቀረው ዓይን፣ የአፍንጫ ጥላ፣ የከንፈር መስመር፣ ፀጉር ነው። ከዚያ ወደ ነጠብጣብ ቀይረው፣ ግራጫው በትልልቅና በትንንሽ ጥቁር ነጥቦች እንዲወጣ፤ በአንድ ኢንች ከ30 እስከ 35 መስመር፣ ዘንበሉ 22.5 ዲግሪ። ዘንበሉን ዜሮ ወይም 90 ካደረግኸው ነጠብጣቡ ከወንፊቱ ክር ጋር ይጋጭና ማዕበል የመሰለ ጥለት ያወጣል።

ወንፊት፦ 77ቲ የሚባለው፣ በሴንቲ ሜትር 77 ክር ያለው ፖሊስተር። ለቲሸርት የሚሠሩበት 43ቲ ለዚህ ነጠብጣብ ሰፊ ነው፤ 120ቲ ደግሞ አክሪሊክን ቶሎ ይደፍናል። መለኪያው ቀላል ነው፦ በኢንች ያለው የክር ብዛት ከነጠብጣቡ መስመር ብዛት ከአራት እስከ አምስት እጥፍ በላይ ይሁን። 77ቲ በኢንች ወደ 195 ክር ነው፤ ለ35 ይበቃል። ፍሬሙ ከውስጥ በኩል ቢያንስ 75 በ75 ይሁን፤ ስኩዊጂው የሚነሣበትና የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋልና።

ፊልም (ምስሉ የሚወጣበት ግልጽ ፕላስቲክ)፦ በሌዘር ያስወጣኸው ጥቁር ወደ ብርሃን ስትይዘው ቡናማ ከመሰለህ በቂ አይደለም። ሁለት ቅጂ አውጥተህ አንዱን በሌላው ላይ በትክክል ደርበህ ለጥፈው።

ኢመልሽን፦ ስክሪኑን በሳሙና እጠበው፣ ይድረቅ። በቢጫ ወይም በደብዛዛ ብርሃን ከውጭ ሁለቴ፣ ከውስጥ አንዴ ቀባው። ሸራውን የሚነካው ፊት ወደ ታች ሆኖ በአግድም ይድረቅ፤ ቆሞ ከደረቀ ከታች ይወፍራል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ተወው።

ብርሃን ማስመታት (ፊልሙ ስክሪኑ ላይ ተቀምጦ)፦ ለደቂቃው የሰው ቃል አትመን፤ መብራቱና ርቀቱ ይለያያል። ቁራጭ ስክሪን ላይ ካርቶን እየሳብህ አምስት ደረጃ ሞክር። ሲታጠብ ከውስጥ በኩል የሚያዳልጥ ነገር ከወጣ ብርሃን አንሷል። ትንንሾቹ ነጠብጣቦች አልከፈት ካሉ በዝቷል።

ሸራ፦ ጌሶ (ከቀለም በፊት የሚቀባው ነጭ መደብ) ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት። ሸካራ ሸራ ነጠብጣቡን ይበላዋል።

ሸራና_ቀለም · ጠዋት 3:34

እግዜር ይስጥልኝ። ሸራውን በእንጨት ላይ ወጥሬ ነው የማትመው ወይስ ሳልወጥር?

ወንፊት_ቤት · ጠዋት 4:05

ሳትወጥር። የዋርሆል ስቱዲዮ ፎቶዎች ላይ ሸራው ወለል ላይ ተዘርግቶ ነው የሚታየው፤ የሚወጠረው በኋላ ነው። በ1963 የኤልቪስ ሥራዎቹን ወደ ሎስ አንጀለስ ሲልክ እንዲያውም ያልተቆረጠ ጥቅል ነው የላከው፤ እዚያ ተቆርጦ ተወጠረ። የተወጠረ ሸራ ላይ ካተምህ መሐሉ ይሰምጣል፤ የእንጨቱ ጠርዝ ደግሞ እንደ ጥቁር መስመር ታትሞ ይቀራል። የግድ ከሆነ ከኋላ በኩል በእንጨቱ ውፍረት ልክ የሆነ ኮምፐርሳቶ አስገባበት።

ሸራው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ በአራት ጠርዙ ይለጠፍ። ስክሪኑ ማዕዘኖች ሥር የሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ካርቶን አድርግ፤ ስኩዊጂው ካለፈ በኋላ ወንፊቱ ራሱ ከሸራው እንዲላቀቅ። ይህ ካልሆነ ሸራው ተጣብቆ ይነሣና ምስሉ ይደርባል።

ቀለሙ አክሪሊክ ከሆነ ከስክሪን ማተሚያ ማደባለቂያ ጋር እኩል በእኩል። የዋርሆል የማተሚያ ቀለም በውሃ የሚታጠብ አልነበረም፤ ማጽጃው ሁሉ ፈሳሽ ኬሚካል ነበር። እኛ ቤት ውስጥ እሱን መቅዳት አያስፈልግም።

አሁን ስለሚበላሸው። ዋናው ጠላት መድረቅ ነው፣ በተለይ አዲስ አበባ በበጋ። አየሩ ደረቅ ነው፤ አክሪሊክ ወንፊቱ ውስጥ በደቂቃዎች ይያዛል። ከእያንዳንዱ ጉተታ በኋላ ስክሪኑን አንሥተህ ቀለሙን ሳትጫን መልሰህ አልብሰው፤ ቀዳዳዎቹ እርጥብ ሆነው ይቆያሉ። መድረቁን የሚያዘገይ ማዘግያ ጨምር፣ ግን ቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው አታሳልፍ፤ ከበዛ ሸራው ላይ ሳምንት ሙሉ እየተጣበቀ ይኖራል። ስልክ ቢጠራ አታንሣ።

ስኩዊጂውን ወደ 75 ዲግሪ ያዘው። ወደ 45 ካወረድኸው ቀለም ይበዛል፣ ነጠብጣቡ ተጨፍልቆ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ሸራው ላይ ከመሄድህ በፊት ጋዜጣ ላይ ሦስት አራቴ ሞክር፤ የመጀመሪያው ጉተታ ሁልጊዜ ቀጭን ነው። ሁለቴ መጎተት የሚያምርህ ከሆነ ሸራው ቅንጣት እንዳልተነቃነቀ እርግጠኛ ሁን፤ ካልሆነ ሴትየዋ አራት ዓይን ይኖራታል።

ነጠብጣብ · ጠዋት 4:20

እነዚህ «ብልሽቶች» የምትሏቸው ግን ዋርሆል ጋ ሥራው ራሱ አይደሉም እንዴ? በማሪሊን ዲፕቲክ፣ በባለ ሁለት ሸራው ሥራ፣ የቀኙ ሸራ እኮ ግማሹ ተበላሽቷል።

ኢመልሽን_77 · ጠዋት 4:48

ትክክል፣ ግን ልዩነቱን እንያዝ። ዲፕቲኩ 50 ፊት ነው፤ 25ቱ በቀለም፣ 25ቱ በጥቁርና ነጭ። ሁለቱ ሸራ እያንዳንዱ 205.4 በ144.8 ሴንቲ ሜትር። በቀኙ ላይ አንዱ ረድፍ ቀለም በዝቶበት ጠቁሯል፤ ወደ ዳር ሲሄድ እየሳሳ ሄዶ መጨረሻው ላይ ፊቷ ሊጠፋ ደርሷል። ምክንያቱ ከላይ የተባለው ነው፦ መጀመሪያ የበዛ ቀለም፣ ቀጥሎ ያልተሞላና እየደረቀ የሚደፈን ወንፊት። ማንኛውም ስክሪን ቤት ይህን ሉህ ይጥለዋል። እሱ አቆመው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሞተች ሴት ፊት እንዲጠፋ ተወው።

የከንፈሩ ቀይ ከጥቁሩ መስመር ወጥቶ መታየቱም እንዲሁ። ስክሪኑ በዓይን ግምት ነው የሚቀመጠው፤ ሸራ ደግሞ ይለጠጣል። ሁለት ሚሊ ሜትር ስህተት ከንፈሩን ያጣምመዋል። ይህን አስቦ መኮረጅ ግን አይሆንም። ሆን ብሎ ያጣመመ ሰው ሥራ ይታወቃል፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን እኩል ይጣመማል። በትክክል ለመግጠም ሞክር፣ የቀረው በራሱ ይመጣል።

ተሟጋች · ጠዋት 5:15

እኔ ግን አልዋጥልህ ያለኝ ነገር አለ። ፎቶው የሌላ ሰው፣ ስክሪኑን የሚሠራው ሌላ ሰው፣ የሚጎትተው ረዳቱ። ታዲያ ዋርሆል ምን ሠራ?

ጋሽ_ሸራ · ቀትር 6:02

ጥያቄው አዲስ አይደለም፣ መልሱ ግን በየዘመኑ ይለያያል።

ከ1963 አጋማሽ ጀምሮ ዋና ረዳቱ ጄራርድ ማላንጋ ነበር፤ ወጣት ገጣሚ፣ ከረባት ሠሪ ዘንድ ስክሪን ሕትመት የተማረ፣ ክፍያው በሰዓት 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም። ትልልቆቹን ሸራዎች ሁለት ሆነው ነበር የሚያትሙት። በ1964 መጀመሪያ ምሥራቅ 47ኛ መንገድ ላይ ወዳለው፣ ፎቶ አንሺው ቢሊ ኔም ከወለል እስከ ጣሪያ በብር ቀለምና በአሉሚኒየም ወረቀት ወዳለበሰው ስቱዲዮ ገቡ፤ «ፋብሪካው» የተባለው እሱ ነው። የዚያ ዓመት የብሪሎ (የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና) ሳጥኖች አናጢ የሠራቸው የኮምፐርሳቶ ሳጥኖች ናቸው፤ መጀመሪያ መደቡ ይቀባል፣ ከዚያ ፊት በፊት በስክሪን ይታተማል። ምፀቱ ደግሞ የእውነተኛውን የሳሙና ካርቶን የነደፈው ጄምስ ሃርቪ ራሱ ረቂቅ ሥዕል የሚሠራ ሠዓሊ ነበር።

ጁን 3 ቀን 1968 ጸሐፊዋ ቫለሪ ሶላናስ ዩኒየን ስኩዌር ባለው ስቱዲዮ ተኮሰችበት። ለጥቂት ነው የተረፈው፤ ዕድሜ ልኩንም ሆዱን የሚደግፍ መታጠቂያ አድርጎ ኖረ። ከዚያ በኋላ በሩ እንደ ድሮው ለሁሉ ክፍት አልነበረም። በ70ዎቹ ሕትመቱ ከስቱዲዮው ውጭ ወጣ፤ ከ1977 ጀምሮ አታሚው ሩፐርት ጄሰን ስሚዝ ነበር።

ዋርሆል የሚሠራው ምርጫውን ነው፦ የትኛው ፎቶ፣ የት ይቆረጥ፣ ምን ቀለም ከምን ጋር፣ የትኛው ብልሽት ይቆይ። መደቡንም ራሱ ይቀባል። የ70ዎቹን የፊት ምስሎች ተመልከት፣ ቀለሙ በወፍራም ብሩሽ፣ አንዳንዴም በጣት የተፈተገ ነው። በ1984 እና 85 ከሠዓሊው ባስኪያ ጋር አብሮ ሲሠራ ወደ ብሩሹ ጨርሶ ተመለሰ። «ማሽን መሆን እፈልጋለሁ» ያለው በ1963 ቃለ መጠይቅ ላይ ነው። ማሽን ቢሆን ኖሮ 50ዎቹ ማሪሊኖች እኩል ይወጡ ነበር።

ካሜራው · ቀትር 6:40

የ70ዎቹ ነገር ከተነሣ፣ የካሜራው ታሪክ ለሸራና_ቀለም በቀጥታ ይጠቅመዋል።

የሚጠቀመው ፖላሮይድ ቢግ ሾት ነበር፤ ከ1971 እስከ 1973 ብቻ የተመረተ ርካሽ የፕላስቲክ ካሜራ። ሌንሱ አይንቀሳቀስም፤ ጥርት የሚለው አንድ ሜትር አካባቢ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንሺው ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ ርቀቱን ያገኛል። ብልጭታው ከሌንሱ በላይ በቀጥታ ፊት ላይ ይመታል። ተነሺው ፊቱን በነጭ ሜካፕ ይለብሳል። ውጤቱ መጨማደድ የጠፋበት፣ ዓይንና ከንፈር ብቻ የቀረበት ፊት ነው፤ ማለትም ስክሪን የሚወደው ፎቶ። ንፅፅሩ የሚሠራው ካሜራው ላይ ነው እንጂ በኋላ አይደለም።

በርካታ ይነሣል፣ ከዚያ ጥቂት ይመረጣል። የተመረጠው ይባዛል፣ ወደ ነጠብጣብ ይቀየራል፣ በ40 በ40 ኢንች ፕላስቲክ ላይ ይወጣል፤ 101.6 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። የአንደኛው ሸራ ዋጋ 25,000 ዶላር ነበር፤ ተጨማሪው ሸራ በቅናሽ። ለዚህ ነው ብዙዎቹ በጥንድ ያሉት።

ዛሬ ያንን ካሜራ መፈለግ ከንቱ ነው፤ ፊልሙ አይመረትም። ስልክ ይበቃል፦ ጨለም ያለ ክፍል፣ የስልኩን መብራት ከሌንሱ በላይ፣ ርቀቱ አንድ ሜትር፣ ፊት ላይ ነጭ ፓውደር።

ድርሳን · ቀትር 7:05

እግረ መንገዴን፣ የ«አልማዝ አቧራ» ሥራዎቹስ እውነተኛ አልማዝ ናቸው?

ኢመልሽን_77 · ቀትር 7:12

አይደሉም። መጀመሪያ እውነተኛው የኢንዱስትሪ አልማዝ ዱቄት ተሞክሮ ነበር፤ በጣም ደቃቅ ስለሆነ አላበራም፣ ኖራ መሰለ። የሚያብለጨልጨው የተፈጨ መስታወት ነው። እርጥብ ቀለም ወይም ማጣበቂያ ላይ ይነሰነሳል። ቤት ውስጥ የምትሞክሩት ከሆነ የተፈጨ መስታወት ሳንባ ውስጥ እንዳይገባ ጭምብል አድርጉ፤ ወይም ብልጭልጭ ገዝታችሁ ተገላገሉ።

ቀጥ_ያለ · ምሽት 12:20

በኢንተርኔት «የዋርሆል ማሪሊን» እየተባለ የሚሸጠውን ለሚያይ ሰው ጥቂት ልበል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነውና ጀርባውን ገልብጡ።

የ1967ቱ የማሪሊን ጥራዝ አሥር የስክሪን ሕትመት ነው፣ 91.4 በ91.4 ሴንቲ ሜትር፣ ወረቀት ላይ። ብዛቱ 250፣ በተጨማሪ ከኤ እስከ ዜድ በፊደል የተለዩ 26። ፊርማው በእርሳስ ከጀርባ ነው፣ ቁጥሩም በጎማ ማኅተም ከጀርባ። ስለዚህ ከፊት ለፊት በማርከር ተፈርሞ «የ1967» የሚባል ካያችሁ እለፉት።

ከ1970 ጀምሮ ሰንዴይ ቢ ሞርኒንግ በሚል ስም ያንኑ መጠን የያዘ ሕትመት ወጣ። ጀርባው ላይ የራስህን ፊርማ ሙላ የሚል ማኅተም አለው። ማስመሰያ ነው ብሎ ያፍራል ማለት አይደለም፤ ስሙን ይዞ በራሱ ይሸጣል። ችግሩ ማኅተሙን ሳይጠቅሱ የሚሸጡት ናቸው።

ሸራ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። የሥራዎቹን እውነተኛነት የሚወስነው ቦርድ በሙግት ወጪ ተማሮ በ2012 ተዘግቷል። በጣም ያወዛገበው የ1965 ቀይ የራስ ምስሎች ጉዳይ ነው፦ ፕላስቲኩን ዋርሆል ሰጠ፣ ሕትመቱ ግን እሱ በሌለበት ሌላ ቦታ ተካሄደ። ቦርዱ አልተቀበላቸውም። ተሟጋች ያነሣኸው ጥያቄ ፍርድ ቤት ድረስ የደረሰው በዚህ ነው።

ተሟጋች · ምሽት 12:45

ይኸውላችሁ! ታዲያ ፎቶውን ያነሣውስ?

ቀጥ_ያለ · ማታ 1:10

እሱም ፍርድ ቤት ደርሷል፣ ሁለቴ ቢባል ይሻላል። የ1964ቱ «አበቦች» ፓትሪሺያ ኮልፊልድ ካነሣችውና መጽሔት ላይ ከወጣ የሂቢስከስ ፎቶ የመጡ ናቸው። ከሰሰችው፣ በስምምነት አለቀ። ከዚያ ወዲህ የራሱን ፖላሮይድ ማንሣት ማዘውተሩ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ከሞተ በኋላ ነው። ሊን ጎልድስሚዝ በ1981 ዘፋኙን ፕሪንስን አነሣችው። በ1984 ቫኒቲ ፌር መጽሔት ለአንድ ጊዜ አገልግሎት 400 ዶላር ከፍሎ ፎቶውን ለዋርሆል ሰጠ፤ እሱ ግን 16 ሥራ ሠራበት። ፕሪንስ በ2016 ሲሞት የመጽሔቱ አሳታሚ አንዱን ለመጽሔት ሽፋን ሲጠቀም 10,000 ዶላር ለዋርሆል ፋውንዴሽን ከፈለ፤ ለእሷ ምንም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜይ 18 ቀን 2023፣ 7 ለ2፣ ለእሷ ፈረደ። ፍርዱ ጠባብ ነው፦ ሥዕሉ ከፎቶው ጋር ለአንድ ዓይነት ገበያ፣ ለመጽሔት ሲቀርብ ያለ ፈቃድ አይሆንም ነው ያለው።

የእኛም የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በአውሮፓ 2004)፣ ለፎቶግራፍ ጥበቃ ይሰጣል። ስለዚህ ሸራና_ቀለም፣ የታወቀ ዘፋኝ ፎቶ ከኢንተርኔት አውርደህ ለሽያጭ አትሥራ። ራስህ አንሣ፣ ወይም ከአንሺው ፈቃድ ውሰድ።

ነጠብጣብ · ማታ 1:31

ፊልሞቹን ማንም አላነሣም። «ኢምፓየር» 8 ሰዓት ከ5 ደቂቃ፣ አንድ ሕንፃ ብቻ! ይህም የደረቀ ወንፊት ነው እንበል?

ካሜራው · ማታ 1:50

ከዚያ ብዙም አይርቅም። የተቀረጸው በጁላይ 1964 ነው፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ተቀርጾ በ16 ስለሚታይ ነው ስምንት ሰዓት የሆነው። 472ቱ የፊት ፊልሞቹም እንዲሁ፦ አንድ የ100 ጫማ ጥቅል፣ የማይንቀሳቀስ ካሜራ፣ ተነሺው ዓይኑን እንዳይሰብር ይነገረዋል፣ ሲታይ ቀስ ይላል። በ16 ፍሬም ዓይን መርገብገብ ራሱ ክስተት ይሆናል። ግን ይህ የራሱ ክር ይፈልጋል።

ሸራና_ቀለም · ማታ 2:15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ፦ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ስክሪኑን በትክክል ቦታው ላይ የማስቀምጠው በምንድን ነው? አንዴ ከሸፈነው እኮ ከሥር አይታይም።

ወንፊት_ቤት · ማታ 2:32

በዚያው ፊልም። ቀለም የተቀባው ሸራ ላይ ፊልሙን አስቀምጠህ ከንፈርና ዓይን እስኪገጥሙ አስተካክል፤ በአራቱ ማዕዘን ሸራው ላይ ቀጭን ፕላስተር ለጥፍ። ስክሪኑ ላይም የምስሉ አራት ማዕዘን ይታያል፤ ከነሱ ጋር አጋጥመህ አውርደው። ከዚያ የፍሬሙን ውጭ ጠርዝ ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግ፤ ለማልበስ ስታነሣው ወደዚያው ትመልሰዋለህ። የማዕዘኖቹን ፕላስተር ከመጎተትህ በፊት ማንሣት አትርሳ፤ ከረሳህ ወንፊቱን ከፍ ያደርገውና ዙሪያው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የስኩዊጂው ርዝመት ደግሞ ለ50 ሴንቲ ሜትር ምስል 55 ይሁን፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊጎትተው የሚችለው እስከዚያ ነው። ከዚያ በላይ ፍሬሙን የሚይዝልህ ሰው ጥራ።